ክቡር ረዳትና የሚተኛው ወንበር

የክቡር ረዳት ቀኝ እጅ ጨርቅ ይዟል፤ ግራ እጃቸው የመኪናዋን በር። ያብሳሉ። በሩ ትናንት ማታ ታብሷል፤ ዛሬም ልጃቸው ሳትነሳ ታብሷል። አሁን የሚታበስ አቧራ የለም፤ የሚታበሰው ብረቱ ራሱ ነው። ጨርቁ እጀታው ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ ጎማው ላይ ይፈጥናል፤ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና ብረቱን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያም ማንም ላልጠየቃቸው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፦ «ደህና ናት።»

መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከሾፌር በላይ ሾፌር ነው። መኪና በገባበት አገር ሁሉ ይህ ሰው አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። መኪና ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ከየት መጣ ሳይባል ከምድር ይበቅላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ሁለት እጁን ዘርግቶ «ና፣ ና፣ ና፣ ና» ይላል፤ መኪናው ግንቡን ከነካ በኋላ «በቃ» ይላል። ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጥ ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይረግጣል። መንገዱ ሲታጠፍ ከመሪው በፊት የእሱ አንገት ይታጠፋል። ቀይ ሲበራ «ቀይ ነው» ብሎ ያስታውቃል፤ አረንጓዴ ሲበራም እንደዚያው። ቢጫው ላይ ብቻ ሐሳቡ ለሁለት ይከፈልበታል።

ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ አለቃ ይመረጥ ቢባል፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚሾሙት ክቡር ረዳት ናቸው።

ረዳትነታቸው የማዕረግ ሳይሆን የእንጀራ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአውቶቡስ በር ላይ ቆመው ነው። ትኬት ቆርጠዋል፣ ሰው አሳፍረዋል፣ ሰው አውርደዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የአውቶቡሱን ጎን መትተዋል። አንድ ምት ቁም ነው፤ ሁለት ምት ሂድ ነው። ሾፌሩ በስተኋላ ማን እግሩን እንዳነሳ፣ ማን ዘንቢሉን እንዳስቀመጠ አያይም፤ የሚያምነው ያንን ምት ነው። ሁለቴ ካልተመታለት፣ መንገዱ እንደ መዳፍ ባዶ ቢሆን እንኳ አይነቃነቅም። «መኪና የሚነዳው በጆሮ ነው» ይላሉ ክቡርነታቸው፤ «ዓይንማ በግም አላት።»

ታዲያ አንድ ቀን በሩን ራሱ የሚከፍት፣ ራሱ የሚዘጋ፣ ትኬቱንም ራሱ የሚቆርጥ አውቶቡስ መጣ። ክቡር ረዳት የትም ለማይሄድ ሰው የሚሰጠው የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቷቸው ተሸኙ። ይህን ሁሉ ዘመን መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ አንድም ቀን። ይህንንም በፊታቸው የሚያነሳ ሰው የለም።

ቤት ከዋሉ በኋላ መከራው የባለቤታቸው ሆነ። ማቀዝቀዣው ሲዘጋ ሁለቴ ይመታል። ቁም ሳጥኑ ሁለቴ። እሷ ራሷ ዘንቢል ይዛ ስትወጣ የግቢው በር ሁለቴ ይመታላታል።

«ሰውዬ፣ እኔ አውቶቡስ ነኝ?» አለችው አንድ ቀን። ሰፈሩ አንቱ ይላቸዋል፤ እሷ ግን የምታውቀው አንተን ነው።

«አይደለሽም» አሏት። «አውቶቡስ ሲነግሩት ይሰማል።»

ሰፈሩም ቀስ በቀስ «ጋሽ ሁለቴ» አላቸው። አልተቀየሙም። ሰው ከሥራው ውጪ ሲሆን፣ ስሙ እንኳ ሥራ ላይ ቢቆይለት ደስ ይለዋል።

ልጃቸው የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ማሽኖቹ ግቢው ጥግ ያለው ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሲዞሩ የእናቷ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። እናትየዋ ታጥፋለች፣ ትቆጥራለች፣ በየከረጢቱ ታስገባለች። ማድረሻው ነበር ችግሩ፤ የሰው መኪና ለምኖ፣ የሰው ሰዓት ጠብቆ ነበር። በመጨረሻ ልጅቱ ከሌላ ሰው እጅ አንዲት ነጭ ትንሽ ቫን ገዛች። ከፊት ሁለት ወንበር አላት፤ ከሾፌሩ ኋላ ደግሞ አንዲት ጠባብ መቀመጫ። የቀረው ሁሉ የዕቃ ነው። ጠባቧ መቀመጫ የእናትየዋ ሆነች፤ ከረጢቶቹን እየደገፈች እዚያ ትሄዳለች። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ማን እንደያዘው መናገር አያስፈልግም።

መኪናዋ ግን በመጣችበት ቀን ከግቢ ወጥታ አልሄደችም። «የማታውቂውን መኪና መንገድ ላይ አታውቂውም» አሉ ክቡርነታቸው። ትምህርት በግቢ ውስጥ ተጀመረ።

አብሯት የመጣ መጽሐፍ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ማንም በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው። ክቡር ረዳት አገላብጠው አዩት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ከዚያም መቀመጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡበት። «ይጠቅማል» አሉ፤ «መንገዱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።»

«ይሄ ምንድን ነው?» የመጀመሪያውን ቁልፍ በአገጫቸው ጠቆሙ። በጣት መንካት ገና አልተፈቀደም።

«የእጅ ፍሬን ነው፣ አባዬ።»

«የእጅ ፍሬን ክንድ ያክላል። ይሄ ጥፍር ነው የሚያክለው።»

«ሻጩ እንደዚያ ነው ያለኝ። ወደ ላይ ሲስቡት ይይዛል።»

«ሻጭ ምን የማይለው አለ? ሳቢው እስቲ።»

ሳበችው። ከሥር አንድ ነገር እንደሚያዛጋ ሰው እዝዝ አለና ቀይ መብራት በራ። ክቡርነታቸው ወርደው መኪናዋን ከኋላ ገፏት፤ አልሄደችም። ዞረው ከፊት ገፏት፤ አልሄደችም። ተመልሰው ገቡና፣ ፍሬኑን ራሳቸው እንደገጠሙት ሁሉ፣ «ይዟል» ብለው ፈረዱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም በየተራው ቀረበ። ልጅቱ መንዳት የተማረችበት አውቶሞቢል ፍሬቻው በግራ፣ የዝናብ መጥረጊያው በቀኝ ነበር፤ ይህቺኛዋ ተገላቢጦሽ ናት። ስለዚህ ልትታጠፍ ባሰበች ቁጥር መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ያሻሻል። «በዚህ ፀሐይ?» ይላሉ አባቷ አንገታቸውን ደፍተው፤ «ሰው ምን ይላል?» አንድ ቁልፍ ብትነካ ሁለቱም ስፖኪዮዎች ጆሮዋን እንደጣለች አህያ ታጥፈው ቀሩ፤ መልሶ ለማቆም ግማሽ ቀን ወሰደ። ሌላኛውን ብትነካ የኋላው መስታወት መሞቅ ጀመረ፤ ይህን ማንም አላወቀም፣ እናትየዋ እስክትነካውና «ኧረ ይሄ ነገር ትኩሳት አለው» እስክትል ድረስ።

እናትየዋ ቁልፎቹን በሥዕላቸው ነበር የምትይዘው። ፊደል የቆጠረችው ልጆች ካሳደገች በኋላ ነው፤ ዘግይቶ ያነበበ ሰው ደግሞ ምልክት አይሰለቸውም። መስታወት የሚያሞቀውን «የሚጤሰው ድስት» አለችው። የአደጋ መብራቱን «የከንፈር ወዳጅ የሌላት ጎጆ» አለችው፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «ብቻዋን ቀይ ለብሳ መሀል ላይ ተቀምጣለቻ» አለች። ልጅቱ ሳቀች። ስሞቹም ጸደቁ።

አንዱን ማንሻ ግን ማንም ስም አላወጣለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ልጅቱ ማሽኖቹ ጋ ሳለች፣ ክቡር ረዳት መኪናዋን ከውስጥ ሲያብሱ ነበር። እናትየዋ አንሶላ ልታወርድ ገመዱ ሥር ቆማለች፤ በአንሶላዎቹ መሀል ታያቸዋለች። ጨርቁ የእሳቸው ወንበር ጎን ሲደርስ እጃቸው አንድ ቀይ ማንሻ አገኘ። ሳቡት። የወንበሩ መደገፊያ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ጎነበሰ፤ ከዚያ ወንበሩ በሙሉ ዝቅ ብሎ ተኛና ወለል ሆነ። ከኋላው በር እስከ ፊተኛው መስታወት ድረስ አንድ ረጅም ሜዳ። ክቡርነታቸው ጨርቁን እንደያዙ ቆመው አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ግራ ቀኝ ተመለከቱ፣ ወንበሩን አነሱ፣ ቀጥ አድርገው አቆሙት። ሁለቴም አልመቱትም።

በማግስቱ ትምህርቱ ሲቀጥል፣ እናትየዋ እንደ ዘበት ጣቷን ወደዚያ ቀሰረች። «ይቺ ቀይዋስ?»

«እሷ የፋብሪካ ናት» አሉ ሳያዩዋት። «አትነካም።»

እናትየዋም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም።

የምሥራቹ ቀን ደረሰና መኪናዋ ልትወጣ ሆነ። ክቡር ረዳት መጽሐፋቸው ላይ ተቀመጡ። ወዲያው መኪናዋ ጢን ጢን ጢን ትል ጀመር።

«ምን ሆና ነው?»

«ቀበቶ እሰር እያለችህ ነው፣ አባዬ።»

«እኔን? ረዳት ቀበቶ አያስርም። ረዳት ከታሰረ በሩን ማን ይይዛል?»

«አባዬ፣ በሩን ማንም አይይዝም። ከተዘጋ ተቆልፏል።»

መኪናዋ ጢን ጢኗን አላቋረጠችም። ከዚያ ክቡርነታቸው ቀበቶውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ላኩ። ማሰሪያው ቶሎ አልገኝ አላቸው። ከኋላ የተቀመጠችው እናትየዋ እጇን በወንበሮቹ መሀል አሾልካ ቀጭ አደረገችላቸው፤ ጢን ጢኑም ቆመ።

ይህ ጸጥታ ግን ዕድሜው አጭር ነበር፤ ምክንያቱም ከግቢው የሚወጣው በኋላ ማርሽ ነው። ክቡር ረዳት የኋላ ማርሽ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቀበቶውን ፈትተው፣ በሩን ከፍተው፣ ከኋላ ቆመዋል። ክንዳቸው ተዘርግቷል፤ ጨርቁ ትከሻቸው ላይ ነው። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ።»

ጢጥ፣ አለች መኪናዋ። ጢጥ። ጢጥ ጢጥ። ጢጢጢጢጥ።

ልጅቱ ፍሬን ያዘች።

«ምን ሆንሽ? ነይ እንጂ!»

«ትጮኻለች፣ አባዬ። የሆነ ነገር አለ ማለት ነው ከኋላ።»

«ውሸቷን ነው። ከኋላሽ ምንም የለም፤ እኔ ቆሜ እያየሁ!»

ወደ ኋላ ሲኬድ የኋላውን የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን መሪው አጠገብ አለ። እናትየዋ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ከዳር እስከ ዳር የሞላው የክቡር ረዳት ቦርጭ ነበር፤ በስተቀኝና በስተግራው ሁለት ትልልቅ እጆች ይወዛወዛሉ። ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አንተ ሰው፣ የምትጮኸው እኮ ባንተ ነው!»

«በእኔ? እኔ ምን አደረግኋት?»

«መንገዷ ላይ ቆመሃላ!»

«እኔ ካልቆምኩ መንገዱ መኖሩን በምን ታውቃለች?»

ስምምነቱም ይህ ሆነ፦ እሳቸው ጥቂት ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ መኪናዋ ትከተላቸዋለች፤ ትጮኻለች፣ ትቆማለች፤ ያፈገፍጋሉ፣ ትከተላለች። በዚያ ሁኔታ መንገድ እስኪደርሱ ድረስ፣ የሚያይ ሰው መኪናዋ ሽማግሌውን ከቤት የምታባርራቸው ይመስለው ነበር። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ጎኗን ሁለቴ ይመታሉ፣ ይገባሉ፣ መጽሐፉ ላይ ይቀመጣሉ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄና መልሱ አለ።

«መስታወት?»

«አለ።»

«ፍሬን?»

«አለ።»

«በር?»

«ተዘግቷል።»

«እናትሽ?»

«አለች።»

«ሳቢ!»

ሲሄዱ ደግሞ ቀኝ እግራቸው ሥራ አለው። የእግረኛ ማቋረጫ ሲመጣ ይረግጣሉ። ብስክሌት ሲመጣ ይረግጣሉ። ደመና ሲመጣ ይረግጣሉ። ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከእግራቸው ሥር ያለው ምንጣፍ፣ ፍሬን ቢኖር ኖሮ ልክ በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ የተረከዝ ያህል ተበሳ። የልጅቱ ምንጣፍ እንደ አዲስ ነው። አልፎ አልፎ ታዲያ ያ በሩ በራሱ የሚከፈት አውቶቡስ በጎናቸው ያልፋል። ያኔ ክቡርነታቸው ነገር ያቋርጡና በሌላው መስኮት ሰማዩን ያያሉ። ልጅቱ አታስተውልም፤ መንገድ ታያለች። እናትየዋ ናት የምታየው።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጅቱ ፊቷ በርቶ ገባች። ዳገቱ ላይ ያለው ትልቁ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ሊሰጣት ነው፤ አንሶላው፣ ፎጣው፣ መጋረጃው፣ የመተላለፊያው ምንጣፍ ሳይቀር። ማታ ራት ላይ ግን ያ ብርሃን ጠፍቶ ነበር።

«መጋረጃዎቹ ከተተኮሱ በኋላ አይታጠፉም» አለች። «በረጅም ዘንግ ላይ እንደተሰቀሉ ነው መሄድ ያለባቸው። በገመድ ለካሁት። ከኋላ በር እስከ ወንበሩ ድረስ አይበቃም። ክንድ ያህል ይቀራል።»

«ጣሪያው ላይስ?» አሉ አባቷ።

«የተተኮሰ መጋረጃ ጣሪያ ላይ፣ አባዬ? አቧራ ሊጠጣ?»

«ትልቅ መኪና ብትከራዪስ?» አለች እናትየዋ።

«ትርፉ ለመኪናው ይሆናል። ኃላፊዋ ደግሞ ከፋፍዬ አልሰጥም ብላለች፤ ሁሉንም የምትችል ከሆነ ሁሉንም፤ አለዚያ ሌላ አጣቢ አለን አለችኝ። ለሙከራ የሰጠችኝ መጋረጃዎች ተተኩሰዋል፤ ነገ እነሱን ከነመልሴ ትጠብቃለች።» ሳህኗን ገፋ አደረገችው። «አይገባም ልላት ነው እንግዲህ።»

ክቡር ረዳት ያኝካሉ። የጎረሱት ጉርሻ ትንሽ ነበር፤ ማኘኩ ግን አላልቅ አላቸው። እናትየዋ አየቻቸው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፦ «ያ ቀይ ማንሻ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። ልጇ ናት፤ እንጀራዋ ነው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ከበሩ ላይ ወርዷል። ያን ጊዜ ውረድ ያለው ሌላ ነው። ሁለተኛውን ውረድ የምትለው እሷ ልትሆን አልፈለገችም። እስከ ጠዋት ልጠብቀው፣ አለች በልቧ፤ ጠዋትም ዝም ካለ ያኔ እናገራለሁ።

ጠዋት ስትወጣ ክቡርነታቸው ከመኪናዋ ጎን ቆመዋል። በሩ ተከፍቷል። ወንበሩ ተኝቷል። ያ የማይነበብ መጽሐፍ በብብታቸው ሥር ነው።

ልጅቱ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች መጣች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ይተኛል» አሉ።

«ምኑ?»

«ወንበሩ። ዘንግሽን አምጪና ለኪው።»

ለካችው። ገባ። ጫፉ የፊተኛው መስታወት ሥር ደርሶ ቦታም ተረፈ። ልጅቱ በደስታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ የጥርስ ሳሙናው ሸሚዛቸው ላይ ቀረ።

«መቼ አወቅኸው ግን?»

«አሁን ሳብስ አገኘሁት።»

እናትየዋ ሰምታለች። አንዳንድ ውሸት እንደ ንጹሕ አንሶላ ነው፤ አጥፈው ያስቀምጡታል እንጂ አይጥሉትም።

ልጅቱ ግን ወዲያው ዘንጉ ያረፈበትን ቦታ አየች፤ ሳቋም ግማሽ ላይ ቆመ። «አንተስ የት ልትቀመጥ ነው?»

«ረዳት መቀመጥ ምን ያውቃል?»

«የኔን ቦታ ያዝ» አለች እናትየዋ። «እኔ ልቅር።»

«አንቺ አንሶላ ትቆጥሪያለሽ። እኔ የቆጠርኩት ሰው ነው፤ ሰው ሲቆጥሩት ይነቃነቃል፣ አይመሳሰልም።» መጽሐፉን ከብብታቸው ወደ ሌላው ብብት አዛወሩት። «በሉ ጫኑ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።»

ጫኑ። ተነሱ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከኋላ ሆነው «ነይ፣ ነይ» አሉ፤ መኪናዋም እንደ ልማዷ ጮኸችባቸው። መንገድ ዳር ሲደርሱ በመስኮቱ በኩል ጥያቄውን ጠየቁ፤ መስታወት አለ፣ ፍሬን አለ፣ በር ተዘግቷል፣ እናትሽ አለች። ከዚያ ጎኗን ሁለቴ መቱና ቀሩ። እናትየዋ በኋላው መስታወት ስታያቸው እጃቸውን ገና አላወረዱትም ነበር።

መንገዱ በሙሉ ጸጥ ያለ ነበር። ቀበቶ እሰር ብላ የምትጨቀጭቀው ሰው ስለሌላት መኪናዋ ዝም ብላለች። መብራቱ ቀይ ሲሆን ቀይ መሆኑን ማንም አልተናገረም። ልጅቱ ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ለራሷ፣ «ቀይ ነው» አለች።

እንግዳ ማረፊያው ግቢ ሲደርሱ ሁሉም በሰላም ወረደ። ኃላፊዋ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች፣ አንዲት ሽብሽብ ፈልጋ አጣች፣ «እንግዲህ ከእናንተ ጋር ነን» አለች። እናትና ልጅ ተያዩ። ያ ሁሉ ጭንቀት በአንድ ቃል አለቀ።

ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ልጅቱ ኋላ ማርሽ አስገባች። ስክሪኑ በራ። ባዶ ግቢ ነው የሚታየው፤ ጥግ ላይ አንድ የአበባ ማሰሮ፣ ወለል ብሎ የተከፈተ በር። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

ልጅቱም አልተነቃነቀችም።

«ውጪ እንጂ እህቴ፣ ባዶ ነው» አለ በሩን የያዘው ዘበኛ። ከውጭ ሊገባ የሚጠብቅ የአትክልት ጭነት መኪና አለ፤ አንዴ ክላክስ አደረገ።

«እማዬ።»

«እ።»

«ከኋላዬ ምንም የለም አይደል?»

እናትየዋ ዞራ አየች። «ምንም የለም።»

«እኮ» አለች ልጅቱ። እጇ መሪው ላይ ነው፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ። አልሄደችም። የጭነት መኪናው እንደገና ጮኸ። ዘበኛው እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

እናትየዋ ከተኛው ወንበር ፊት ያለውን ምንጣፍ አየች። ወንበሩ ሲቆም የአባትየው እግር ስለሚሸፍነው፣ ያቺን ቀዳዳ በደንብ ያየቻት ዛሬ ነው። የተረከዝ ያህል ናት፤ ጠርዟ እንደ አሮጌ ካልሲ ተፈልቅቋል። ይህ ሰው በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ልጁን አስቁሟል፣ በሌለ ፍሬን። እጇ በራሱ ተነሳ። ከጎኗ ያለውን ባዶ ብረት ሁለቴ መታችው።

መኪናዋ ሄደች።

ቤት ሲደርሱ ክቡር ረዳት በሩ ላይ ናቸው፤ ጨርቁ ትከሻቸው ላይ። ሥራው ተሰጠን ወይ አላሉም። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩ፤ ጭረት የላትም። ከዚያ ጠየቁ፦

«ከዚያ ስትወጡ ማን መታ?»

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች።

«እኔ» አለች እናትየዋ።

«በምንሽ?»

«በእጄ ነዋ፣ በምን ልመታ?»

«በጣት ነው በመዳፍ?»

«በጣቴ መሰለኝ።»

«በጣት የሚመታማ ቤት ፈላጊ ነው። ሾፌር ያንን አይሰማም። አምጪ እስቲ።» እጇን ያዙ። ዕድሜ ልኳን አንሶላ ያጠፈውን ያን እጅ ከፈቱት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጉ፣ የእሳቸውን መዳፍ ከላዩ አደረጉና የመኪናዋን ጎን ሁለቴ መቱ። ሞተሩን አጥፍታ ልትወርድ የነበረችው ልጅ ሳታስበው መልሳ አስነሳችው። ያኔ ሦስቱም ሳቁ፤ ክቡርነታቸው ግን ቶሎ አቆሙ፤ ሥራ ላይ ናቸውና።

«አባዬ» አለች ልጅቱ፣ «ይሄ ወንበር እንዴት ነው የሚነሳው?»

«ቀይዋን ሳቢ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ግፊው፤ ቀጭ ይላል።» አሁን አገኘሁት ላለ ሰው መልሱ ፈጣን ነበር። ልጅቱ አየቻቸው፤ እሷም ውሸቱን አጥፋ አስቀመጠችው።

«መጋረጃው ሁልጊዜ አይደለም» አለች ወንበሩን እያቆመች። «ለብቻው ቀን አወጣለታለሁ። በቀረው ቀን ወንበሩ ቆሞ ይሄዳል።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ…»

«ለአንተ አይደለም። መውጣት አቃተኝ። ዝም ስትል ፈራሁ።»

«ማን?»

«መኪናዋ። ምንም አልጮህ አለች።»

ክቡር ረዳት ጨርቁን ከትከሻቸው አወረዱ። የንጹሑን በር እጀታ ያብሱ ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ብረቱ አድርገው።

«ነግሬሻለሁ» አሉ። «መኪና የሚነዳው በጆሮ ነው።»

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጠባብ መንገድ ስትሄዱ፣ አንዲት ነጭ ትንሽ ቫን በኋላዋ ከግቢ ስትወጣ ታዩ ይሆናል። ከኋላዋ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ይራመዳሉ፤ መኪናዋ ትጮኽባቸዋለች፤ መንገዱም እናንተም ቆማችኋል። መቸኮላችሁ አይጠፋኝም። ግን ክላክስ አታድርጉ። አንገታችሁንም አውጥታችሁ «ባዶ ነው፣ ውጪ» አትበሏት። ባዶ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ሁለቴ እስኪመቱላት ነው የምትጠብቀው፤ እናንተም አብራችሁ ጠብቁ።